የማዞሪያው ቁጥር

ደብረ ብርሃን
መጋቢት 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ቁልቁለቱን ወርዶ አሊዩ አምባ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ጠይባስ እንዴት ናት? እናትሽን እማማ ሰሊሃን ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይ? የበልጉ ዝናብ እናንተ ዘንድ ጥሏል ሲሉ ሰማሁ፤ እኛ ዘንድ ከብርዱ በቀር የመጣ ነገር የለም። ሰው ከዚህ ቀጥሎ፣ እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ ብሎ ይጽፋል። እኔም አምስት ዓመት ሙሉ በላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ስልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ እሱን ዘልዬዋለሁ፤ ቅር አይበልሽ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ወንድምሽ ዓብዱ ነው። አሽጌ ነው የሰጠሁት፤ ውስጡ ያለውን አያውቅም። ፊደሉን ትልልቅ ያደረግሁት፣ መስመሩንም ያራራቅሁት ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትሽን የተቀበልሽ ጊዜ ባልሽ ረሺድ ጆሯችንን እስኪያመን አውርቶልናል፤ ስለዚህ አላነብም ብለሽ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪው። ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት አንብቢው። ረጅም ነው፤ ማሳጠር አቅቶኝ ሳይሆን ባሳጥረው የምደብቀው ነገር የሚተርፈኝ ስለመሰለኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዓብዱ በርበሬ ጭኖ መጥቶ ሻይ ቤት ይዤው ገባሁ። ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ብሔራዊ ውትድርና ምዝገባው ስናወራ ቆይተን፣ ረመዳን ሊገባ ነውና እንኳን አደረሳችሁ አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ እኛ ቤት ዒድ ከገባ አምስት ዓመቱ ነው አለኝ። ዒድ በመጣ ቁጥር በር ዘግተሽ እንደምትውዪ፣ ለጠይባ አዲስ ልብስ እንደማታለብሺ፣ የሰፈሩ ሰው ሊጠይቅሽ ሲመጣ፣ ባሌን አንድ ቀን ጨምር ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ አቻኩዬ የላክሁት እኔ ነኝ እንደምትዪ ነገረኝ። ይህን ሁሉ ሻዬን እያማሰልኩ ሰማሁት። ከዚያ የጠይባን ነገር አመጣ። አንድ ቀን የዓብዱን ልብስ ጫፍ ይዛ፣ አጎቴ፣ አባቴን ያቃጠለችው እናቴ ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ አለኝ።

ሻዩን ትቼው ወጣሁ። ዓብዱ ያመመኝ መስሎት እስከ ቤቴ ድረስ ሸኘኝ፤ ደጉ ሰው ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ።

ስለዚህ ሌላውን ባታነቢው እንኳ ይህን አንብቢልኝ። ረሺድ አልቸኮለም። አልረሳምም። ማድረግ ያለበትን ሁሉ አንድ በአንድ አድርጎ ነው ያንን በር የከፈተው። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ረሺድ ስለ አንቺ እኛ ዘንድ እንጂ ስለ እኛ ሥራ አንቺ ዘንድ የሚያወራ ሰው ስላልነበር፣ ሪሌ የሚባለውን ነገር ላታውቂው ትችያለሽ። እናንተ ቆላ መስኖ አላችሁ። ቦዩ አንድ ቦታ ሲደረመስ ላይ ሆኖ ውሃውን የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል አይደል? ሪሌ ማለት ያ ሰው ነው። በዱቄት ፋብሪካችን መብራት ክፍል ውስጥ፣ ብሬከር ከምንለው ከዋናው ማጥፊያ ጎን፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይጠብቃል። ከመጠን ያለፈ እንደሆነ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ለብሬከሩ ትእዛዝ ይልካል፤ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ፋብሪካው ይጠፋል። በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ከዜሮ እስከ አስር የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አለች። ከመቁረጡ በፊት ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚነገረው በእሷ ነው። የእኛ ሁልጊዜ አምስት ላይ ትውል ነበር። ምክንያቱም ትልቁ ወፍጮ ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ይስባል፤ ሪሌው ባይታገሥ ኖሮ ወፍጮ በተነሳ ቁጥር ጨለማ ውስጥ እንቀመጥ ነበር።

ይህ ትዕግሥት ለወፍጮው ጥሩ ነው፤ ለሰው ግን ክፉ ነው። ሽቦው ሁሉ የሚገናኝበት የብረት ሳጥን፣ ፓነሉ፣ ተከፍቶ፣ ሰው እጁን አስገብቶ ሳለ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ሾርት ቢፈጠር፣ እሳቱ ከመዳብ ወደ መዳብ በአየር ላይ ይዘላል። መዳቡ ራሱ ይቀልጣል፣ ይተናል። እሳቱ እስኪቆረጥ ያለችው ጊዜ ናት ሰውየውን የምትገድለው ወይም የምታተርፈው። አምስት ላይ ከሆነ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይነዳል። ዜሮ ላይ ከሆነ እጅሽን ሳትሰበስቢ ያልቃል፤ ቅንድብሽ ተለብልቦ፣ ደንግጠሽ፣ ተሳድበሽ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ይህንን አስቦ ያገኘው ረሺድ ነው። ያስተማረን ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ሳጥኑ ላይ አፍጥጦ ቆይቶ፣ ስማ እንጂ፣ ይህ ሰውዬ የተቀመጠው ለወፍጮው ነው እንጂ ለእኛ አይደለም፤ እኛ ስንገባ ለምን አናስቸኩለውም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣ። በር ከመከፈቱ በፊት ማዞሪያዋ ዜሮ ላይ ትወርዳለች። ለወፍጮው ሠራተኛ፣ እኔ እስክልህ ድረስ እንዳታስነሳ ይባላል። ሥራው አልቆ በሩ ሲዘጋ ወደ አምስት ትመለሳለች። ሪሌውን የነካ ሰው የነካውን መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ለተረካቢውም በአፉ ይነግራል። አጥፍታችሁ ለምን አትሠሩም ትዪ ይሆናል። ማጥፋትማ ትክክሉ ነበር። ያኔ ግን ፋብሪካ አጥፍቶ መሥራት ከአሻጥር ይቆጠር ነበር፤ አሻጥር የተባለ ሰው ደግሞ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ።

እኔ በዚህ ሕጉ ሳላላግጥበት አልቀረሁም። ሼሁ መጡ እለው ነበር መዝገቡን ይዞ ሲመጣ። እሱ ደግሞ የቄስ ልጅ ሆነህ ሥርዓት ትጠላለህ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ማውረዱን ብረሳ ሙሉ ፈረቃ ሳያናግረኝ ዋለ። በሠርጋችሁ ቀን እኔን ከአንኮበር ቄሰ ገበዝ ቤት የወጣሁትን ሰውዬ አንደኛ ሚዜ አድርጎ ይዞኝ ሲመጣ የሰፈርሽ ሰው እንዴት እንዳጉረመረመ አስታውሳለሁ። እናትሽ ግን ለእኔና ለሦስት የፋብሪካ ጓደኞቼ ለብቻችን ፍየል አሳርደው ካበሉን በኋላ፣ እጄን ይዘው፣ ከዛሬ ጀምሮ ለዚች ልጅ ወንድሟ ነህ፤ ቢበድላት አንተን እጠይቃለሁ አሉኝ። እሱ አልበደለሽም። እሳቸውም እስከ ዛሬ እኔን አልጠየቁኝም።

ፈረቃችንን እንደምንለዋወጥ ታውቂያለሽ። በገና፣ በጥምቀት፣ በፋሲካ እሱ የእኔን ይሠራልኛል፤ በዒድና በዓረፋ እኔ የእሱን። በዚያ ዓመት ዒድ የዋለው ሰኔ 23 ነበር፤ ጠይባም የተወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። ረሺድ ሰኔ 22 ወደ እናንተ ሲወርድ፣ ሰኔ 25 ጠዋት እገባለሁ ብሎኝ ነበር የሄደው። በኋላ በመኪና ረዳት፣ የልጄ ስም ማውጫ በ25 ስለሆነ አንድ ቀን ያዝልኝ ብሎ ላከብኝ። ያንን አንድ ቀን ነው አንቺ ስትቆጥሪው የኖርሽው።

አሁን የምጽፈውን ቀን ልብ ብለሽ ያዢ። ነገሩን ያበላሸሁት ሰኔ 24 ነው። ረሺድ በቀጠሮው ቀን ቢመጣም የሚገባው እኔ አበላሽቼው በቆየሁት ክፍል ነበር። አንድ ቀን ማደሩ ምንም አልለወጠም። ይህን ደጋግመሽ አንብቢው።

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሳምንት ቀርቶት ነበር። አስረኛው የአብዮት በዓል ሊመጣ ነው፣ ለሠራዊቱ ስንቅ ተብሎ ይህን ያህል ሺህ ኩንታል ይውጣ ተብሏል፤ እኛ ገና ብዙ ይቀረናል። ክረምቱ ገብቶ እርጥበቱና የዱቄቱ ብናኝ ተደባልቆ ሁሉም ነገር ላይ ይለጠፋል። ሰኔ 24 ቀን ወፍጮው ሲነሳ ብሬከሩ አራት ጊዜ ወደቀ። አራተኛው ላይ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ብርሃነ መስቀል ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ይህን ነገር እንዳይወድቅ አድርገው፤ እንዴት እንደምታደርገው አልጠይቅህም አለኝ። ማዞሪያዋን ወደ ሰባት ላድርጋት አልኩት። ብታደርጋት ብሬከሩ ላለመውደቁ ትፈርምልኛለህ ወይ አለኝ። አልፈርምም አልኩ። እንግዲያው የማይወድቅበትን አድርግ፤ ስምህ ለቼኮዝሎቫኪያ ሥልጠና ቀርቦ ጠረጴዛዬ ላይ ፊርማዬን እየጠበቀ መሆኑን አትርሳ ብሎኝ ሄደ።

አስገድዶኝ ነው ልልሽ አልችልም። በጠመንጃ አልቆመብኝም። ያችን ቀጭን ሽቦ፣ ሪሌው ለብሬከሩ ትእዛዝ የሚልክባትን፣ በገዛ እጄ ፈታሁና ጫፏን በፕላስተር ጠቀለልኳት። ከዚያ በኋላ ሪሌው ምንም ቢያይ ምንም፣ ማዞሪያዋ ዜሮም ላይ ትሁን አስርም ላይ፣ የሚሰማው አልነበረም። ፋብሪካው ሁለት ቀን ሳይጠፋ ሠራ። ጓድ ብርሃነ መስቀል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መዝገቡ ላይ ግን አልጻፍኩም። ብጽፈው ማን አዘዘህ ይባላል፤ እሱ አላዘዝኩም ይላል፤ ጉዞዬ ይቀራል ብዬ ነው።

ረሺድ ሰኔ 26 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሌሊቱን ከአሊዩ አምባ ዳገቱን ወጥቶ፣ ከአንኮበር በጭነት መኪና መጥቶ፣ ልብሱ በጭቃ ተለውሶ ነበር፤ ግን ደክሞት አልነበረም፤ ይህንንም እወቂ። የላክሽልኝን ሎሚ ሰጠኝና ስለ ጠይባ ማውራት ጀመረ። ጣቶቿን ብታያቸው አለኝ። አፍንጫዋ እማማ ሰሊሃን ነው አለኝ። ስትስቅ አይቻታለሁ አለ፤ የሳምንት ልጅ አትስቅም ብለው፣ አንተ ምን ታውቃለህ ብሎ ተቆጣኝ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ረስቼው ነው ብልሽ ይቀለኝ ነበር፤ አልረሳሁም። ምላሴ ላይ ነበር። አፈርኩ። ሽቦውን ነቅያለሁ ብለው ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ አውቀዋለሁ፤ ያ ደስታው ይጠፋል፣ መዝገቡን ያነሳል፣ እንደ ልጅ ይቆጣኛል። አራት ቀን ያለ እረፍት ሠርቻለሁ፤ ቁጣ የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ዛሬ ፓነል ውስጥ የሚያስገባ ሥራ የለም፣ ማታ ወፍጮው ሲቆም ሹልክ ብዬ እመልሳታለሁ፣ ማንም አያውቅም አልኩ። ይኸው ነው እህቴ። ሰው የሞተው ቁጣ ስለፈራሁ ነው። ሎሚውን ኪሴ ከትቼ ምሳ ልበላ ሄድኩ።

ከሄድኩ በኋላ ከፓነሉ ውስጥ የመጥበስ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የወፍጮው ሠራተኛ ወልደአረጋይ ነው ለረሺድ የነገረው። ረሺድ ሄዶ አዳመጠ፤ አንድ ብሎን ላልቶ እየጋለ መሆኑን አወቀ። ወደ ወልደአረጋይ ተመልሶ፣ እኔ እስክልህ ወፍጮ እንዳታስነሳ አለው። ገባ። ማዞሪያዋን ዜሮ ላይ አወረደ። በሩን ከፈተ። የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ድምፁን ምግብ ቤት ሆኜ ሰማሁት። ብሬከሩ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። መብራቱ ይብለጨለጫል እንጂ አይጠፋም። እሳቱ የቆመው ከግቢው ውጪ ምሰሶ ላይ ያለው ፊውዝ በራሱ ሲቃጠል ነው። እየሮጥኩ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ቆጥሬያለሁ፤ ቁጥሩን ግን ለአንቺ አልጽፈውም።

ወልደአረጋይና ሌሎች ሁለት ሰዎች በዱቄት ሸራ ጠቅልለው አወጡት። ሁሉም ከእሱ ጋር ወደ መኪናው ሮጠ። እኔ ግን አልሮጥኩም። ወደ ውስጥ ገባሁ። ጭሱ ሳይወጣ ሽቦዋን ወደ ቦታዋ መልሼ አሰርኳት። ዞር ስል ማዞሪያዋን አየኋት። ዜሮ ላይ ናት።

ሽቦዋ ታስራ፣ ማዞሪያዋ ዜሮ ላይ ከተገኘች፣ መርማሪ የሆነ ሁሉ የሚጠይቀው፣ ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወደቀም ብሎ ነው። ያ ጥያቄ ቀጥ ብሎ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊቆሙ አይችሉም ነበር። ስለዚህ አንዷን አዞርኳት። ከዜሮ ወደ አምስት። ባልሽ በዚህ ዓለም ላይ ለራሱ ያቆማት አንዲት ምስክር እሷ ነበረች፤ በሁለት ጣቴ አጠፋኋት።

የመርማሪ ኮሚቴው በማግስቱ መጣ። ወልደአረጋይ፣ ረሺድ ወፍጮ እንዳታስነሳ ብሎኛል፤ ይህን የሚለው ማዞሪያዋን ሲያወርድ ብቻ ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ስለ ሪሌ የሚያውቀው ማነው ተባለ፤ እኔ ተጠራሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አምስት ላይ ነው ያገኘኋት አልኩ። ወልደአረጋይ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ አያውቅም። በራሱ ቸልተኝነት ተብሎ ተጻፈ፤ ጓድ ብርሃነ መስቀል ከሁሉ ቀድሞ ፈረመበት።

አንቺ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ደረስሽ። የአራስ ቤት ወገብሽ ሳይጠና፣ ጠይባን አዝለሽ። ኮሪደሩ ላይ ያዝሽኝና፣ አንተ ወንድሜ ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ሆኖ ነው አልሽኝ። መንገድ ደክሞት መጣ፤ ቸኩሎ ሳያወርድ ከፈተው አልኩሽ። ቸኩሎ የምትለዋን ቃል የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁጭ አልሽ፤ እኔ ነኝ፣ እደር ያልኩት እኔ ነኝ አልሽ። ሰማሁሽ። ጎንሽ ቆሜ ነበር። አይደለሽም ማለት አንድ ቃል ነው፤ እሱን ትቼ ውሃ አመጣሁልሽ።

እስካሁን የጻፍኩትን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። የቀረው ግን ከሁሉም የባሰ ነው።

በስድስተኛው ቀን ረሺድ ብቻዬን አስጠራኝ። ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ነበር። አጠገቡ ሆኜ ስናገር ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ማዞሪያዋን አውርጃት አልነበረም ወይ አለኝ። ሰውየው እየሞተ ነው እህቴ። የፈለገው ያችን ብቻ ነበር። አምስት ላይ ነው ያገኘኋት አልኩት።

እሳቱ ቆየ አለኝ፤ በጣም ቆየ። ቀጥሎ፣ እንግዲያው ለመርማሪዎቹም እንደዚያው በላቸው አለኝ። ከዚያ ጉዞህ መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ኅዳር ላይ ነው አልኩት። ብርድ ልብስ ያዝ፣ እዚያ ከጣርማ በር ይብሳል አሉ አለኝ። እህትህን አደራ አለኝ። ሌላ ነገር አላወራንም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፈ።

በዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ማዞሪያዋ ከጠየቀኝ በኋላ ወዲያው ስለ ጉዞዬ ለምን እንደጠየቀኝ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ፣ አውቆብኝ ነበር ወይ እያልኩ አምስት ዓመት አስቤበታለሁ። ልጽፈው ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ቼኮዝሎቫኪያ ሄድኩ። ስድስት ወር ተማርኩ። አስተማሪያችን አንድ ጣቱ የጎደለ ሽማግሌ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሥሎ፣ ሰው ፓነል ውስጥ ሲገባ የሪሌው ጊዜ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፤ ሰው ሲወጣ ይመለሳል፤ ይህን ሕግ ያገኘነው ብዙ ሰው ከቀበርን በኋላ ነው አለን። ሁሉም ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ አልጻፍኩም። አንድ የአሊዩ አምባ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው፣ ማንንም ሳይቀብር አስቦ አግኝቶት ነበር ብዬ ልናገር ተነሳሁ፤ ታዲያ አሁን የት ነው ብለው ቢጠይቁኝስ ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን የመብራት ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ሰው ሲገባ ዜሮ የሚል ወረቀት በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሾርት ተፈጥሮ ሁለቱም ሠራተኞች እጃቸው ብቻ ተለብልቦ ተርፈዋል። ፋብሪካው ውስጥ ደንቡን በእኔ ስም ነው የሚጠሩት። ኮከብ ሠራተኛ ብለው ሸልመውኛል፤ አጨብጭበውልኛል። የረሺድን ነው ማለት ያኔም አቃተኝ።

በአገራችን ወግ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። አባቴን ከአንኮበር አውርጄ፣ ከእናንተ ሼሆች ጋር አስቀምጬ፣ በሩ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ መውደቅ ነበረብኝ። አስቤበት ተውኩት። ቄስና ሼህ ደጅሽ ከተቀመጡ ይቅር ብያለሁ ሳትዪ አያነሡሽም። ሰው ተሰብስቦብሽ፣ እናትሽ እያለቀሱ፣ ተገደሽ ይቅር እንድትዪኝ አልፈልግም። ይቅር ላለማለትም ሙሉ መብት አለሽ።

ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ነገር ለፋብሪካው አስተዳደርና ለሠራተኛ ማኅበሩ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አስረክቤያለሁ። አንድ ቅጂ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለልሽ። ጓድ ብርሃነ መስቀል ከዚህ ተዛውሯል፤ ያለኝን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ እሱ ይካድ አይካድ የእሱ ጉዳይ ነው። ወልደአረጋይን ጠርቼ አስነበብኩት። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና፣ አምስት ዓመት አለኝ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። አሻጥር ይበሉት ቸልተኝነት ይበሉት፣ ቃሉን እነሱ ይምረጡ። ታስሯል የሚል ወሬ ብትሰሚ ለመጠየቅ እንዳትመጪ። ዓብዱ ይህን አንብቦ ሊመጣብኝ ቢነሳም አልፈርድበትም፤ ያለበሰኝ ኮት ግን እዚህ አለ፣ ይውሰደው።

እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለእኔ አይደለም። ጠይባን አጠገብሽ አስቀምጪና፣ አባትሽ የሚሠራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በዚያም ቀን ሁሉን አሟልቶ ነበር በያት። እናትሽ አንድ ቀን ያስቀረችው አንቺን በስምሽ ሊጠራሽ ነው በያት። ታዲያ ማን ነው ያቃጠለው ብላ ትጠይቅሻለች፤ ልጅ ናትና መጠየቋ አይቀርም። ያኔ እንዳትሸፍኚልኝ። ስሜን ከነአባቴ ንገሪያት።

ረመዳኑን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽምሽ። ዱዓሽን አላህ ይስማልሽ። ለእማማ ሰሊሃ ጤና፣ ለጠይባ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለረሺድም ጀነት ይስጠው ብዬ ስጽፍ እጄ ቢያፍርም፣ ጽፌዋለሁ።

አደራሽን የበላው፣
ሚዜሽ